መኪናውን ከኮለኑ ወይስ ኮለኑን ከመኪናው? የፓርኪንግ ግጭት መከላከያ አመራረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ላይ የምትኖሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የኮለኑ፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶው ጠርዝ ተሸርፏል፤ አንዳንዱማ ፌሮው ሁሉ ይታያል። ከጎኑ የነጭ፣ የብርማና የቀይ መኪና ቀለም ተለጥፎበታል። አንድ ቀን ኮሚቴው ይሰበሰብና «መከላከያ ይገዛ» ይባላል። አንዱ ቢጫና ጥቁሩ ጎማ ይሁን ይላል፣ ሌላው ብረት ይበየድ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ አሮጌ ጎማ እንሰርበት፣ ነፃ ነው ይላል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል፣ ስብሰባው ይበተናል።

ሦስቱ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው። በዋጋ ብቻ ማወዳደር የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ለስላሳ ነገር መኪናውን ያድናል፤ ጠንካራ ነገር ከኋላው ያለውን ያድናል። ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ ርካሽ ዕቃ ገበያ ላይ አላየሁም። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ፓርኪንጉን በእግር ዙሩትና እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፦ እዚህ ጋ መኪና ቢገባ የሚጎዳው ማነው?

የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማና ብረት ዋጋው ስለማይረጋ ዛሬ የጻፍኩት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

በምን እንለካ?

መጀመሪያ ከኋላው ያለውን ነገር እዩ። ለእኔ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። አንደኛ ሰው ወይም መኪና ሊወድቅ የሚችልበት ጠርዝ፦ ፎቅ ላይ ያለ ፓርኪንግ ዳር፣ የራምፕ ጎን፣ የደረጃ ቀዳዳ። ሁለተኛ ከተመታ እሳት ወይም ጎርፍ የሚያመጣ ነገር፦ የጄኔሬተር ናፍጣ ታንከር፣ የመብራት ቦርድ፣ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ፣ የመኪና ቻርጀር። ሦስተኛ ኮለን። አራተኛና መጨረሻ የመኪና ቀለም። ብዙ ሕንፃ ላይ የማየው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ኮለኑ ሁሉ ቢጫና ጥቁር ጎማ ለብሶ አምሮበታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የፓርኪንግ ዳር ግን በ15 ሳ.ሜ. ብሎኬት ግድግዳ ብቻ ተዘግቷል።

ቀጥሎ የመኪናው ጉልበት አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 1 ቶን አካባቢ የምትመዝን ቪትዝ በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ስትነካ ይዛ የምትመጣው ጉልበት 1 ኪሎጁል ገደማ ነው። 2.2 ቶን የሚሆን ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት 15 ኪ.ሜ. ሲመጣ 19 ኪሎጁል ይዞ ነው። ሃያ እጥፍ ማለት ነው፣ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፓርኪንጎቻችን ውስጥ ያለው መኪና እየተቀየረ ነው። ባትሪ ከባድ ነው፤ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪኖቹ አይዲ 4ና አይዲ 6 ክብደታቸው 2 ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ፔዳሉን ሲነኩት የሚሰጡትም ምላሽ ፈጣን ነው፤ ለአዲስ አሽከርካሪ ጠባብ ቦታ ላይ ያስቸግራል። ድሮ ለቪትዝና ለኮሮላ የበቃው ነገር ለእነዚህ ይበቃል ብላችሁ አትገምቱ።

ኢንጂነር ካላችሁ አንድ ቁጥር አሳዩት። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕንፃ ዲዛይን ደረጃ ከአውሮፓው ዩሮኮድ የተወሰደ ነው። ዩሮኮዱ ከ2.5 ቶን ለማይበልጡ መኪኖች ፓርኪንግ የሚያስበው 1,500 ኪሎ የሆነ መኪና በሴኮንድ 4.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 16 ኪ.ሜ. ገደማ ሲመታ ነው። መኪናው ራሱ 10 ሳ.ሜ. ይጨመደዳል ተብሎ ይታሰባል። መከላከያው ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የሚደርስበት ግፊት 150 ኪሎኒውተን ነው፤ ባለ 15 ቶን ክብደት በሉት። የሚያርፈው ከወለሉ 37.5 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ነው። መከላከያው 10 ሳ.ሜ. ወደኋላ ቢሸሽ ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል። 30 ሳ.ሜ. ቢሸሽ ሩብ አካባቢ ይሆናል። «ጠንካራ ይሁን» ማለት ብቻውን መልስ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ የሚሸሽበት ቦታ ካለ የሚሸሸው ይሻላል፣ ቡለኖቹም ይተርፋሉ።

ሦስተኛው መስፈርት ወለሉ ነው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የታችኛው ቤዝመንት መሬት ላይ ያረፈ ወለል ስለሆነ ቆፍሮ ምሰሶ መቅበር ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለው ግን የተንጠለጠለ ሶሌታ፣ ማለትም ሥሩ ባዶ የሆነ የኮንክሪት ወለል ነው። ሶሌታው በብሎኬትና በሪብ (በብሎኬቶቹ መካከል በሚያልፉ ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች) የተሠራ ከሆነ ከላይ ያለው ኮንክሪት ከ5 እስከ 6 ሳ.ሜ. ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ የተመታ አንከር ቦልት (ኮንክሪት ተበስቶ የሚገባ ማሰሪያ ቡለን) መያዣ የለውም። ውሃ መከላከያ ሽፋን ያለው ወለል ከተበሳ ደግሞ ከታች ያለው ሱቅ ክረምት ላይ ይነግራችኋል። በውስጡ የተወጠረ ኬብል ያለው ሶሌታ ከሆነ ያለ ሕንፃው ንድፍ ድሪል አታስነሱ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ከተመታ በኋላ ምን ይሆናል፦ ይተካል፣ ይቃናል፣ ወይስ አብሮ ወለሉን ይነቅላል? ሌላው ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ በጨለማ የሚሄዱ እናት፣ ጋሪ የምትገፋ ሴት፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ያልፋሉ ወይ?

የኮለን ጎማና ስፖንጅ

በየሕንፃው የምታዩት ቢጫና ጥቁሩ የማዕዘን ጎማ ሥራው አንድ ነው፦ ቀለም ማዳንና «እዚህ ጋ ኮለን አለ» ማለት። 1 ሳ.ሜ. ጎማ 15 ቶን ግፊት ላይ ምንም አያመጣም። ለሚሠራው ሥራ ግን ርካሽና ጥሩ ነው፤ በተለይ ወደ ጠባብ ቦታ ሲታጠፍ ጎኑን ለሚያሸው መኪና።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከፍታው ላይ ነው። ከዓይን ጋር እንዲገጥም ብለው ከፍ አድርገው የሚለጥፉት አሉ። ፓራውልት የሚመታው ከ35 እስከ 60 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው፤ በር ሲከፈት የሚነካው ደግሞ እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ 80 ሳ.ሜ. ወይም 1 ሜትር የሚረዝም ውሰዱ። ስትገዙ እጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ ተዉት። በማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን በቡለን የሚታሰረውን ምረጡ። ሲበሳም ፌሮውን እንዳይነካ ብዙ አይግባ።

በማጣበቂያ የሚለጠፈው ስፖንጅ ለመኪና በር ብቻ ነው። አቧራ ያለበት ልስን ላይ ሁለት ወር አይቆይም።

አንጎላሬ

የኮለኑን አራት ጠርዝ በአንጎላሬ፣ ማለትም በኤል ቅርጽ ብረት መሸፈን እኛ ጋ የተለመደ ነው። በያጅ ሁሉ ይሠራዋል፣ ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ኮንክሪቱም አይሸረፍም። መኪናውን ግን ይቀደዋል። ጎማ በሌለው አንጎላሬ የታሸ ስፖርቴሎ በቀለም ብቻ አይመለስም። አይሱዙ ዕቃ የሚያራግፍበት በር ላይ አድርጉት፣ እዚያ ትክክለኛ ቦታው ነው። የቤት መኪና የሚዞርበት ቦታ ላይ ካደረጋችሁ ግን በላዩ ጎማ አልብሱት።

ስቶፐር

ከኋላ ጎማ ሥር የሚቀመጠው፣ 10 ሳ.ሜ. ገደማ ከፍታ ያለው ማቆሚያ በርካሽ ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ዕቃ ነው። ጥበቃው «ና! ና! ና! በቃ!» የሚለውን ሥራ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚገባ መኪና ግድግዳ ሳይነካ ይቆማል። የላስቲኩ ቀላልና ለተከላ ምቹ ነው፤ የኮንክሪቱ እዚሁ ይመረታል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ጠርዙ ይፈረፈራል።

ገደቡን ግን እወቁት። ፍሬን መስሎት ነዳጅ የረገጠ ሰው ስቶፐሩን ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ስቶፐር የፎቅ ዳር መከላከያ ሆኖ አይቆጠርም። በፍጹም።

ርቀቱ ላይ ደግሞ ብዙ ይበላሻል። ከግድግዳው ከ75 እስከ 90 ሳ.ሜ. ለአብዛኛው የቤት መኪና ይበቃል። ሃይሉክስ በኋላው ሲገባ ግን ከጎማው በኋላ ያለው አካሉ ረጅም ነው፣ መጎተቻ ካለው ይብሳል፤ ከ1 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ተጠባባቂ ጎማቸውን ከኋላ በር ላይ የተሸከሙት የድሮ ራቭ 4ዎችም እንዲሁ። ሜትር ይዛችሁ የነዋሪውን መኪና ለኩ፣ ረጅሙን ያዙ። ስቶፐር በእግረኛ መተላለፊያ ላይ እንዳይወድቅም ተጠንቀቁ፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ይጥላል። አንጸባራቂ ቴፕ የሌለውን አትግዙ።

ቦላርድ፣ ማለትም የብረት ምሰሶ

ቻርጀር፣ የመብራት ቦርድ፣ የናፍጣ ታንከር ፊት የምመርጠው ይኼን ነው። ግን ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

የተቀበረው፦ ከ11 እስከ 17 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ያለው፣ ግድግዳው 5 ሚ.ሜ. የሆነ የብረት ቧንቧ፣ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ተቆፍሮ በኮንክሪት የተተከለ፣ ውስጡም በኮንክሪት የተሞላ፣ ከመሬት በላይ 90 ሳ.ሜ. ወይም 1 ሜትር የቆመ። ኮንክሪቱ ቧንቧው እንዳይጨፈለቅ ይረዳል። የቧንቧውን አናት ዝጉት፤ ካልተዘጋ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ከወለሉ ጋ የሚገናኝበትን አንገቱን ደግሞ ደህና አድርጋችሁ አንቲረስት ቀቡት፣ መኪና የሚታጠብበት ቤዝመንት ውስጥ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው።

በቡለን የታሰረው ግን ሌላ ነገር ነው። ወለል ላይ በ20 ሳ.ሜ. ሰሌዳ ቆሞ በአራት ቡለን የታሰረ ምሰሶ 37.5 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ሲመታ ቡለኖቹን እንደ ሚስማር መንቀያ ነው የሚጎትታቸው። ያንን የ15 ቶን ግፊት ብታስቡ፣ በስሌት እያንዳንዱ የፊት ቡለን የሚደርስበት መጎተት ከ15 ቶን ያልፋል። የተለመደው 12 ሚ.ሜ. አንከር ጥሩ ኮንክሪት ውስጥ እንኳ የሚይዘው ጥቂት ቶን ነው። ስለዚህ ወለል ላይ የታሰረ ቦላርድ ለቀስታ ንክኪና ለመንገድ ማሳያ እንጂ ለእውነተኛ ግጭት አይሆንም። ሻጩ «ይኼ መኪና ያቆማል» ሲላችሁ በየትኛው ቡለን በሉት።

በሁለት ቦላርድ መካከል ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ክፍተት ተዉ። መኪና አያልፍም፣ ዊልቸር ያልፋል። ከሚጠበቀው ዕቃም ራቅ ይበል፤ ቻርጀሩ ላይ ተለጥፎ የቆመ ምሰሶ ትንሽ ሲታጠፍ ቻርጀሩን ራሱ ይሰብረዋል።

ጋርድሬልና ቱቦላሬ

ፎቅ ዳር ላይ በ40 በ40 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ የቆመው ነገር የሰው መደገፊያ ነው። ሰው እንዳይወድቅ ይሠራል፤ መኪና ሲመጣ ግን ይዞት ነው የሚወርደው። ይኼን ደጋግሜ የምናገረው አብዛኛው ሰው ብረት ካየ ስለሚረጋጋ ነው።

የአውራ ጎዳና ጋርድሬል የሚባለው ወገቡ የተጠማዘዘ ላሜራ የተሻለ ነው፤ ሲመታ እየታጠፈ ጉልበቱን ይውጣል፣ ረጅም ስለሆነም ግፊቱን ለብዙ እግሮች ያካፍላል። ነገር ግን መንገድ ላይ እግሮቹ አፈር ውስጥ ነው የተተከሉት። ሶሌታ ላይ ሲመጣ የእግሩ አስተሳሰር እንደ አዲስ በኢንጂነር መሠራት አለበት። ከኋላውም የሚሸሽበት ቦታ ይፈልጋል፤ ጠርዙ ላይ ልክ ከተተከለ የሚሸሸው ወደ አየር ነው።

ኮንክሪት

ሕንፃው ገና እየተሠራ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ይኼን ያዙ። ከሶሌታው ጋር አብሮ የተሞላ፣ ፌሮው ከሶሌታው የወጣ ግድግዳ ለፎቅ ዳር የሚወዳደረው የለም። ሲሚንቶውም ፌሮውም ባለሙያውም እዚሁ አለ፣ ጥገናም አይፈልግም። ለመኪናው ግን ርኅራኄ የለውም፤ ለዚህ ነው ከፊቱ ስቶፐር የሚቀመጠው።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከሆነ ይከብዳል። በሶሌታው ላይ የሚጨመረው ክብደት ይታሰባል፤ ፌሮውም በኬሚካል አንከር፣ ማለትም በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ በማጣበቂያ ተተክሎ ነው የሚያያዘው። ብሎኬት ደርድሮ ልስን መለሰንን ግን ከዚህ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ፌሮ የሌለው ብሎኬት ግድግዳ ተመትቶ ሲወድቅ ታች ለሚያልፍ ሰውም አደጋ ነው።

ከራምፕ መጨረሻ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ለየት አድርጋችሁ እዩት። ዩሮኮዱ ቀጥ ብሎ ከ20 ሜትር በላይ ለሚወርድ ራምፕ ፊት ለፊቱ ያለው መከላከያ እጥፍ ግፊት እንዲችል፣ ግፊቱም 61 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ እንዲታሰብ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የሚጨርሰው እዚያ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ተጣጣፊ ፕላስቲክ

መጋዘን ውስጥ ለፎርክሊፍት የሚተከለው ቢጫ ወፍራም የፖሊመር አጥር ነው። ተመትቶ ይመለሳል፣ ቀለም አይፈልግም፣ ወለሉንም አይነቅልም። ጥሩ ነው። ውድ ነው። አንዱ እግር ቢሰበር መለዋወጫው እስኪመጣ ምንዛሪ ትጠብቃላችሁ። ትልቅ ሞል ወይም ሆቴል ከሆናችሁ አስቡበት፤ ስትገዙ ግን ትርፍ እግሮችና ቡለኖች አብራችሁ እዘዙ።

አሮጌ ጎማ

ርካሽ ነው፣ ምናለሽ ተራ ሞልቷል፣ ቀስታ ንክኪን ከማንኛውም የማዕዘን ጎማ በተሻለ ይውጣል። ሜዳ ላይ ላለ ፓርኪንግ፣ ለግቢ አጥር ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብራችሁ አቁሙት። ቤዝመንት ውስጥ ግን አልስማማም። ጎማ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፣ ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ቤዝመንት ደግሞ መውጫው ጥቂት ነው። በተለይ የመብራት ቦርድና ቻርጀር አጠገብ አታድርጉት። ክፍት ቦታ ላይም ውሃ እንዳያቁር ብሱት፣ ትንኝ ይራባበታል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያድነው | የማይችለው | ወጪ | ከተመታ በኋላ |
|---|---|---|---|---|
| የማዕዘን ጎማ | የመኪና ቀለም፣ የኮለን ጠርዝ | ከባድ ግጭት | ርካሽ | ይተካል |
| አንጎላሬ | የኮለን ጠርዝ | መኪናውን ማዳን | ርካሽ | ይቆያል |
| ስቶፐር | ግድግዳና ፓራውልት | የሚሮጥ መኪና | ርካሽ | ይተካል |
| የተቀበረ ቦላርድ | ቻርጀር፣ ቦርድ፣ ታንከር | መኪናውን ማዳን | መካከለኛ | ተቆፍሮ ይተካል |
| በቡለን የታሰረ ቦላርድ | መንገድ ማሳየት፣ ቀስታ ንክኪ | ከባድ ግጭት | ከርካሽ እስከ መካከለኛ | ወለሉን ሊነቅል ይችላል |
| የቱቦላሬ አጥር | ሰውን | መኪናን ማቆም | ርካሽ | ይበየዳል |
| ጋርድሬል | ዳር፣ ረጅም ግድግዳ | ጠባብ ቦታ | መካከለኛ | የታጠፈው ክፍል ይቀየራል |
| የኮንክሪት ግድግዳ | የፎቅ ዳር፣ የራምፕ ፊት | መኪናውን ማዳን | አዲስ ሕንፃ ላይ ርካሽ፣ አሮጌ ላይ ውድ | ይመረመራል፣ ይጠገናል |
| ተጣጣፊ ፖሊመር | መኪናንም ዕቃንም በከፊል | ቶሎ መለዋወጫ ማግኘት | ውድ | ይመለሳል |
| አሮጌ ጎማ | ቀስታ ንክኪ፣ ክፍት ቦታ | ቤዝመንት ውስጥ ደህንነት | በጣም ርካሽ | ይዞራል፣ ይቀየራል |

ታዲያ ለማን ምን?

የኮንዶሚኒየም ወይም የአፓርታማ ኮሚቴ ከሆናችሁና ገንዘቡ ከነዋሪው የሚዋጣ ከሆነ፣ ሁሉንም ኮለን አታልብሱ። ቀለም ያለባቸውን ኮለኖች ቁጠሩ፤ መኪና የት እንደሚመታ እነሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል። መታጠፊያው ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ለእነሱ ጎማ፣ ለሁሉም የመኪና ማቆሚያ ቦታ ስቶፐር፣ የቀረውን ብር ለመብራት ቦርዱና ለፓምፑ ሁለት ሁለት የተቀበረ ቦላርድ። የተሸረፈ ኮለን ፌሮው የሚታይ ከሆነ ጎማ ከማልበሳችሁ በፊት አስጠግኑት፤ ጎማው ዝገቱን ከዓይን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም።

ፓርኪንጋችሁ ፎቅ ላይ ከሆነ ስለ ኮለን አታውሩ። መጀመሪያ ዳሩ። የሕንፃውን ንድፍ አስወጡና ኢንጂነር ያ ግድግዳ ምን ግፊት እንደሚችል በጽሑፍ ይንገራችሁ። መልሱ እስኪመጣና ሥራው እስኪሠራ ድረስ ወደ ዳሩ የሚያዩትን ማቆሚያዎች ዝጓቸው፣ ወይም መኪና ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን እንዲቆም አድርጉ። ነዋሪው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ሞልና ሆቴል ያላችሁ፣ ሰው በቀን በብዛት ስለሚገባና አብዛኛው ቦታውን ስለማያውቀው፣ ራምፑ አፍ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የከፍታ ማሳያ አትርሱ። ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ የጫነ አባዱላ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧችሁን ከመምታቱ በፊት እዚያው ኳኳ ብሎ ይስማ። ዕቃ ማራገፊያው ላይ አንጎላሬ፣ የእንግዳ መዞሪያው ላይ ጎማ ወይም ፖሊመር።

ቻርጀር እየተከላችሁ ያላችሁ፣ ቦላርዱን ከቻርጀሩ ጋር አንድ ሥራ አድርጋችሁ ውል ግቡ። በኋላ እንተክላለን ካላችሁ የተቀበረውን የመብራት ኬብል የምትቆፍሩት ያኔ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ መኪና ላላችሁ ደግሞ አንድ ስቶፐርና የበሩ ምሰሶ ላይ ሁለት ጎማ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትውጡ።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ «ቦላርድ 6 ፍሬ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የቧንቧውን ዲያሜትርና ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ምን ያህል እንደሚቀበር፣ የቡለኑን ውፍረትና ወደ ኮንክሪቱ የሚገባውን ርዝመት፣ በኮንክሪት ይሞላ አይሞላ አስፍሩ። እንዲህ ካልሆነ ሦስቱ ዋጋዎች ሦስት የተለያየ ዕቃ ናቸው። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ፤ ቡለኖቹ በፊታችሁ በቁልፍ ከተፈተሹና የተቀበረው ጉድጓድ ሳይሞላ በሜትር ተለክቶ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ስጡ።